አፕዴት እንዳታደርገው

ምህንድስና ሙዚቃ እንዳለው ያወቅሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሳምንቱ፣ መገናኛ አንዲት የኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ አንገቱን የሚያሰግግባት ዓይነት ናት። የቤቷ ልጅ ፕሮግራም ሊጭንልኝ ፍላሹን ሰክቶ አንዲት ትንሽ መስኮት ከፈተ፤ ወዲያው ላፕቶፔ ይዘፍን ጀመር። ቲው ቲው ቲው የሚል፣ ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ የሕፃን መጫወቻ የሚያወጣው ዓይነት ዜማ። ደንግጬ ድምፁን ልቀንስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ተወው ኢንጂነር፣ ቁጥር እያወጣ ነው።»

ኪጄን ይሉታል። የፕሮግራሙን ቁልፍ አስመስሎ የሚቀርጽ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለምን እንደሚዘፍን ያን ቀን አልጠየቅሁም። በኋላ ሳጣራ ነገሩ ለካ ፉከራ ኖሯል። ፕሮግራም ሰባሪዎቹ ግዳይ በጣሉ ቁጥር ስማቸውን ጽፈው፣ ዜማ አስገጥመው መልቀቅ የድሮ ልማዳቸው ነው። እኛም በሰው ግዳይ፣ በሰው ፉከራ ታጅበን ሥራ ጀመርን።

ዜማው ሲያበቃ ትእዛዙ ቀጠለ። አንቲቫይረሱ እንደጠፋ ይቆይ። ኢንተርኔት ስትገባ ፕሮግራሙን ዝጋው። «ደሞ በምንም ተአምር አፕዴት እንዳታደርገው» አለኝ ጣቱን ቀስሮ። አያቴ ለወገቧ መድኃኒት የቀመመላት አዋቂ እንዲሁ ነበር ያላት፤ ሰባት ቀን ወንዝ እንዳትሻገሪ። የአያቴ ክልከላ በሰባት ቀኑ አበቃ። የኔ ላፕቶፕ ግን ወንዝ ሳይሻገር 11 ዓመት ኖረ።

በነዚያ ዓመታት ላፕቶፔ ላይ ያልተጫነ አልነበረም። የሥዕሉ፣ የሕንፃ ስሌቱ፣ የሒሳቡ፣ የካርታው፣ ለምን እንደሚያገለግል የማላውቀው ሁሉ። ሌባ ላፕቶፔን ሰርቆ ዕቃውን ለአሮጌ ገዢ፣ ፕሮግራሞቹን ደግሞ በእውነተኛ ዋጋቸው መሸጥ ቢችል ኖሮ እኔ ለታክሲ ስሰለፍ እሱ በመኪና ባለፈኝ ነበር። ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል። ይህንንም በሥልጠና ነው የተማርኩት። አሠልጣኙ ስለ አእምሯዊ ንብረት ክብር ልብ በሚነካ ቋንቋ ሲያስረዱን፣ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ በሚታየው ስላይድ አናት «ይህ ቅጂ ሕጋዊነቱ አልተረጋገጠም» የሚል ቀይ መስመር እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በርቶ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ቤታችን ያለ መስመር ነው።

እኔን መቆርቆር የጀመረኝ ግን በአዋጅ ሳይሆን በአንድ የቅቤና የማር ነጋዴ ነው። አባባ እድሜያቸውን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ ጂ ፕላስ ፎር ሊሠሩ ወደ ቢሯችን መጡ። ሥዕሉን ጨርሰን፣ በኤ ዋን ወረቀት አሳትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንላቸው። አባባ መሐሉን አላዩም፤ ከገበያ ሰው ዐይን የሚያመልጥ የለምና ጠርዙን አዩ። በአራቱም ጠርዝ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንደ ጥለት ዞሮታል። ልጃቸውን «አንብቢው እስቲ» አሏት። አነበበችው፤ በሥዕል ፕሮግራሙ የተማሪ ቅጂ የተዘጋጀ፣ ይላል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አንዱ ጀማሪ ልጃችን የደረጃውን ዝርዝር ለማፍጠን ከጓደኛው ሥዕል ገልብጦ ለጥፎበት ኖሯል፤ የጓደኛው ደግሞ የተማሪ ቅጂ ነው። ይህ ማኅተም ታዲያ ከሥዕል ወደ ሥዕል እንደ ኩፍኝ የሚጋባ ነበር። አንዲት በር ወይም አንዲት ደረጃ ቀድተህ ስትለጥፍ አብሮ ይገባ ነበር፤ ሲታተምም ያሳብቃል።

«ልጄ» አሉኝ አባባ፣ «ሕንፃዬን ተማሪ ነው እንዴ የሠራው?»

«አይደለም አባባ፤ እኛ ነን። የተማሪ የሆነው ሶፍትዌሩ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ መቼ ነው የሚመረቀው?»

በዚያ ሳምንት ሕጋዊ ሰው ልሆን ቆረጥኩ። የሚገዛውን ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። እዚህ ላይ ከዓለም ወደ ኋላ መቅረቴን ተረዳሁ። የሥዕል ፕሮግራማችን አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ነበር፤ ከፍለህ ትወስደዋለህ፣ እስኪያረጅ ያንተ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ግን ለአዲስ ገዢ እንዲህ ያለ ነገር ቀርቶ በዓመት ወይም በወር ኪራይ ሆኗል። ኪራዩ በዓመት 2000 ዶላር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቤት አከራይ እየለመንኩ የምኖር ሰው፣ አሁን ደግሞ መስመር የማሰምርበትን ልከራይ ነው።

ይሁን ብዬ ለዶላሩ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት።

«ምን ልታስመጣ ነው?»

«ሶፍትዌር።»

«በመርከብ ነው በአየር?»

«በኢንተርኔት።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ግን ታመጣለህ አይደል?»

ክብደት የሌለው፣ ካርቶን የሌለው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያልደረሰ ነገር ዲክላራሲዮኑ ከየት ይመጣል? እሷም እውነቷን ነው፤ ፎርሙ ላይ «በኢንተርኔት» የሚል ሳጥን የለም። ወረፋ ያዝኩ። ወረፋው ሳይደርሰኝ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣና ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሁን ዶላሩ ተገኘ፣ ብሩ ጠፋ። አንድ ፕሮግራም ለአንድ ዓመት ከ200 ሺህ ብር በላይ። ቢሯችን ውስጥ አምስት ሰው አለ፤ ማባዛቱን ለአንባቢ ትቻለሁ።

እንግዲህ የቀረኝ ክፍት ምንጭ የሚሉት ነው። አሠራሩ የማይደበቅ፣ ፈልገህ የምትከፍተው፣ ብትችል የምታሻሽለው፣ ለጎረቤት ብትሰጥ የማትከሰስበት ሶፍትዌር። አንዱን የሥዕል ፕሮግራም አወረድኩ። ስሙን አልጠራም፤ በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩት ልጆች ምን በወጣቸው። ለብቻዬ ስሠራበት ደኅና ነበር። ችግሩ ሕንፃ ለብቻ አይሠራም። አርክቴክቱ ይልክልሃል፣ ኤሌክትሪካሉ ይልክልሃል፣ ሳኒተሪው ይልክልሃል፤ ሁሉም የሚልኩት በዲ ደብልዩ ጂ ነው። ዲ ደብልዩ ጂ ደግሞ ባለቤቱ ውስጡን ለሰው ያልገለጠው የፋይል ዓይነት ነው፤ ሌላው የሚያነበው እየገመተ፣ እየፈታ ነው። የአርክቴክቱን ሥዕል ስከፍተው በሮቹ ከግድግዳቸው ወጥተው ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል፤ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አስተካክዬ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ሠርቼ መለስኩለት። ደወለ።

«ሥዕሉን ጅብ ነው እንዴ የበላው?»

ሁለት ሳምንት ታገልኩ። በሦስተኛው ወደ ተሰረቀው ተመለስኩ። አፍሬ ነው የተመለስኩት፣ ግን ተመለስኩ። ዛሬም በሥዕል ጉዳይ አቋሜ ይኸው ነው፤ ከሰው ጋር የምትነጋገርበትን ቋንቋ ለብቻህ መቀየር አትችልም። ገበያው ሁሉ አንድ ቋንቋ እያወራ አንተ ሌላ ጥሩ ቋንቋ ብታውቅ ቲማቲም አይሸጥልህም። የገንዘብ ጣጣው ሲፈታ መክፈል የምፈልገው ለዚህኛው ነው።

ስሌት ግን ሌላ ነው። በስሌት የምታወራው ከራስህ ጋር ነው። ይህን ያስተማረኝ ሶፍትዌር የማይነካ ሰው ነው።

ቢሯችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መሐንዲስ አሉ። አምስት ኪሎ ሲማሩ በስላይድ ሩል ያሰሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው እኛ የሠራነውን አይተው መፈረም ነው። ኮምፒውተሩን «ያ ልጅ» ነው የሚሉት፤ «ያ ልጅ ስንት አለ?» ይላሉ። አንድ ቀን ጀማሪው ልጃችን የአንድ ቢም ውጤት ይዞላቸው ገባ። ባለቀለም፣ የሚያምር ወረቀት። ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡና የማኪያቶ ደረሰኛቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ቢሟ ስንት ሜትር ናት?»

«ስድስት።»

«ጭነቱስ?»

«በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን።»

በደረሰኙ ጀርባ ጻፉ። ሃያ ጊዜ ሠላሳ ስድስት፣ ለስምንት። «ዘጠና። ቢበዛ ዘጠና። ያ ልጅ ስንት አለ?»

ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ድምፁ ወረደ። «ዘጠኝ መቶ።»

20 ብሎ የጻፈ መስሎት 200 ጽፎ ነው። ፕሮግራሙም ያዘዙትን ይሠራል፤ ለ900 የሚበቃ ፌሮ ደርድሮ አስቀምጦለታል። እንደዚያ ቢሠራ ፌሮው ተጨናንቆ ኮንክሪት የሚወርድበት ቀዳዳ አይኖርም ነበር። ስታፋ የሚያስረው ሠራተኛ ራሱ ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

ያን ማታ ስለነዚህ ፕሮግራሞች ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁና በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። ኤድዋርድ ዊልሰን የሚባሉ የበርክሌይ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የሕንፃ ስሌት ፕሮግራም አወጡ። ስሙን ሳፕ አሉት። ፊደላቱ የፕሮግራሙን ሙሉ ስም ያሳጥራሉ፤ ቃሉ ግን በአሜሪካኖች የመንደር ቋንቋ ቂል፣ ሞኝ ማለት ነው። ሰውዬው ስሙን የመረጡት ሆን ብለው ነው። ይህ ነገር አእምሮ የለውም፣ የሚያስበውም ኃላፊነት የሚወስደውም መሐንዲሱ ነው፣ ብለው ተጠቃሚው እንዳይረሳ። በዚያው በበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተ ኩባንያ ዘሩን አሳድጎ ሳፕ 2000 እና ኢታብስ ብሎ ለዓለም ይሸጣል። 828 ሜትር የሚረዝመው የዱባይ ቡርጅ ኸሊፋ የተሰላው በኢታብስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «ኢታብስ ነው ያለው» ካልክ ክርክር ያበቃል። አባቱ ሞኝ ብሎ ስም ያወጣለትን ቤተሰብ እኛ የሽማግሌ ወንበር ላይ አስቀምጠነዋል።

ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ለዚህ ነው» አሉ የትናንቱን ባለቀለም ወረቀት እያሳዩኝ። «ሁለቱን አንድ ላይ አደረጓቸው።»

ከዚያው ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት የሚሆን ኦፕንሲስ የሚባል ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ወጥቷል፤ በነፃ። ሞከርኩት። የሚጫን ቁልፍ የለው፣ የሚታይ ሥዕል የለው፤ ሕንፃህን መስመር በመስመር እየጻፍክ ትነግረዋለህ እንጂ። ለተመራማሪ ነው፣ ለኛ ቢሮ አይደለም። አመስግኜ ዘጋሁት።

የያዝኩት ሌላ ነው። የተሰረቀው የሒሳብ ፕሮግራሜ ማትላብ አንድ ሌሊት፣ ሥራ ላስረክብ ስል፣ ፈቃድህ አልቋል ብሎኝ አረፈ። ወንዝ ሳልሻገር፣ አፕዴት ሳላደርግ! ልጁ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። የሚገርመው ማትላብ ራሱ መጀመሪያ የነፃ ነበር። ክሊቭ ሞለር የሚባሉ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎቻቸው ፎርትራን ሳይማሩ የማትሪክስ ሒሳብ እንዲሠሩ ብለው ጽፈው ለጠየቀ ሁሉ ይሰጡ ነበር፤ ኩባንያ የሆነው በ1984 ነው። ያን ሌሊት ታዲያ አማራጭ ስፈልግ ኦክቴቭ የሚባል ክፍት ምንጭ አገኘሁ። ስሙን ሳይ ኦክቴቭ የሙዚቃ ቃል አይደል? ይሄም ሊዘፍን ነው ብዬ ድምፁን ቀድሜ ዘጋሁት።

አልዘፈነም። ስሙም ከሙዚቃ ጋር ዝምድና የለውም። ኦክቴቭ ሌቨንስፒል የሚባሉ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ፕሮግራሙን የጀመረው ጆን ኢተን ተማሪያቸው ነበር። ሰውዬው የሚታወቁት ከባዱን ጥያቄ በፖስታ ጀርባ፣ በሁለት መስመር፣ ወደ እውነቱ በሚጠጋ ግምት በማስላት ነው። ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ የማኪያቶ ደረሰኛቸውን አውጥተው አዩት። ባሕር ማዶ ያለ ወንድማቸውን ያገኙ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ ማለት ቀረ። ከኩርባ በታች ያለ ስፋት በኦክቴቭ ሳሰላ አይተው «እንዴት ነው የደመረው?» ብለው ጠየቁኝ። ትእዛዙን ጽፌ ውስጡን ከፈትኩላቸው። መነፅራቸውን አድርገው፣ ወንበር ስበው አነበቡ። «ይሄማ ትራፒዞይድ ነው፤ እኔም የተማርኩት ይሄንኑ ነው!» አሉ። እውነቱን ለመናገር ማትላብም ቢሆን ከዚህ ዓይነቱ ብዙውን ከፍቶ ያሳያል። በ11 ዓመት ውስጥ ግን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። የሰው ዕቃ ደብቆ የያዘ ሰው ዕቃውን ፈታቶ አይመረምርም፤ ቢነካካው እንዳይቆም ይፈራል። ክራክ የሚሉት የቁልፍ መስበሪያ የወሰደብን ይህንን ነው እላለሁ። መሐንዲስ ሆነን መሣሪያችንን ለመንካት የምንፈራ ሆንን።

ሰዎች ክፍት ምንጭ እኛ አገር ያልተስፋፋው ሰው ስለማያውቀው ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ሌላ አገር ነፃው ፕሮግራም የሚወዳደረው 2000 ዶላር ከሚያወጣ ጋር ነው፤ ሰው ኪሱን አይቶ ይመርጣል። እዚህ የሚወዳደረው ግን መገናኛ ላይ በሻይና በዳቦ ዋጋ ከሚጫነው ጋር ነው። ሁለቱም ያው ነፃ! ታዲያ ማን ሞኝ አለና የማይታወቀውን ይመርጣል? «ነፃ» የሚለው ቃል ራሱም አይረዳንም። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 የነፃ ሶፍትዌርን ጉዳይ ካነሳ ወዲህ የእንግሊዝኛው ቃል ያለ ክፍያንም ነፃነትንም ስለሚል ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረዳ ኖሯል። የኛም ነፃ ያው ነው፤ እስረኛም ነፃ ይወጣል፣ ሻይም በነፃ ይጠጣል። እኛ ከሁለቱ የሰማነው ሻዩን ነው።

እናቴ ግን በአንዴ ገባት። ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ አንዱ ሰው ይሠራዋል፣ ለሌላው ይሰጠዋል፣ ቢሰጥም አያልቅበትም፣ ያኛው ያሻሽለውና መልሶ ይሰጣል ብዬ ሳስረዳት «እርሾ ነዋ!» አለችኝ። የሷ ሲበላሽ ከጎረቤት ታመጣለች፣ የጎረቤቷ ሲያልቅ ትሰጣለች፤ ለእርሾ ዋጋ የጠየቀ ሰው ሰፈር ውስጥ አታውቅም። ደስ ብሎኝ ልሄድ ስል ግን ጠራችኝ።

«ጤፉንስ ማን ነው የሚገዛው?»

ይህ ጥያቄ ነው። ለቧንቧ መስመር ስሌት የምንጠቀምበት ኢፓኔት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ነው፤ የወንዝ ጎርፍ የምናሰላበት ሄክ ራስ ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ ምንጩ ባይከፈትም በነፃ ይታደላል። ጤፉን የገዛው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው፣ አዋሽ የት ድረስ እንደሚሞላ ያላንዳች ክፍያ የማሰላው እኔ። ለእናቴ እንዲህ ብዬ ብነግራት «ታዲያ አንተስ ምን መለስክላቸው?» እንደምትል አውቃለሁ። አልነገርኳትም።

ባለፈው ወር ያ አሮጌ ላፕቶፕ ሞተ። አዲሱን ይዤ እዚያው መገናኛ ሄድኩ፤ ኦክቴቭንና ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም እንዲጭንልኝ። ራሴ እንዳላወርደው ፋይሉ ከባድ ነው፣ ዳታዬን ይጨርሰዋል። ልጁ አድጓል፤ ሪዝ አውጥቷል፣ ሁለት ልጆች ቀጥሯል። አልረሳኝም።

«ክራኩን ይዘሃል ኢንጂነር?»

«ክራክ የለውም።»

«እኔ ጋ ላይኖር ይችላል እንጂ፣ የሌለውስ የለም።»

«አልተቆለፈም እኮ፤ ምኑ ይሰበራል? አውርደህ መጫን ብቻ ነው።»

በሐዘኔታ አየኝ። «ኢንጂነር፣ ክራክ የሌለው ነገር ቫይረስ ነው የሚኖረው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢሆንም የደንበኛ ነገር ነውና ጫነው። ሲጨርስ እጁን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጦ የሆነ ነገር ጠበቀ። ቤቷ ጭጭ አለች። ምንም አልዘፈነም። ግራ ሲገባው እንደ ልማዱ አንቲቫይረሱን ሊያጠፋ ሲሄድ እጁን ያዝኩት።

«ተወው።»

ሒሳቡ እንደ ድሮው ነው፤ «የድካሜ ነው» አለኝ። ትክክል ነው፣ ከፈልኩት። ላፕቶፑን አጥፎ ሲያቀብለኝ ግን ሆዱ አልቻለም፣ ጣቱን ቀሰረ።

«በል እሺ፤ ብቻ አፕዴት እንዳታደርገው።»